ነጭ ከመሆኗ በፊት

እሺ፣ እንደምን ናችሁ። ዛሬ የአሳ ማባበያ ስናስር ስለምንጠቀምበት ሙጫ ላወራ ነበር ያሰብኩት። ቃል ገብቼም ነበር። የትኛው ቶሎ ይደርቃል፣ የትኛው ፀጉሩን ያጠነክረዋል፣ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት እሱን ነው። ግን ባለ ኮፍያው መጥቶ ከሄደ ወዲህ መንጠቆውን የሚይዝልኝ ሞርሳ ፊት ስቀመጥ ሐሳቤ አልሰበሰብ ብሏል። ሌላ ነገር እያሰብኩ ስለ ሙጫ ባወራላችሁ ደግሞ ያስታውቅብኛል። ስለዚህ ሙጫው ይቆየን። ድመቷን አስወጥቼ በሩን ዘግቻለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ፀጉር አለ፣ እሷን ታውቋታላችሁ።

ባለ ኮፍያው የአባቱን ማባበያ ይዞ መጣ ብያችሁ ነበር አይደል? ጋሼ፣ አባቱ ማለቴ ነው፣ ከሞቱ በኋላ ከሳጥናቸው ያወጣት። ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ ናት፣ ከፊቷ የምትሽከረከር የናስ ቅጠል አላት፣ ከበድ ያለች፣ የድሮ ሥራ። ናሱ ጠቁሯል። ጥርሶቿ ግን ደህና ናቸው፣ ዝገት የለም ማለት ይቻላል። ያለቀው መንጠቆዋ ላይ የታሰረው ፀጉር ነው። እዚህም እዚያም የቀረ፣ ግራጫ ይሁን ቡኒ የማይለይ።

«ነጭ ነበረች» አለኝ። «ልጅ ሆኜ ጀልባው ላይ ተቀምጬ ከውኃው ስትወጣ ነው የማያት። ነጭ ነበረች። እንደዛ አድርግልኝ።»

እሺ አልኩት። ነጭ ደግሞ ምን ችግር አለው። ነጭ ጭራ የሚባለው የሰሜን አሜሪካው አጋዘን ጭራው ከላይ ቡኒ፣ ከሥር ነጭ ነው። ሲደነግጥ ጭራውን ቀጥ ያደርግና ያ ነጩ ከሩቅ ይታያል። ማባበያ የምናስርበት፣ ባክቴይል የምንለው ፀጉር ይኸው ነው፣ ቀለም የሚነከረውም ነጩ ነው። ሳይነከር እንዳለ መጠቀም ትችላላችሁ፣ እኔ እንዲያውም እሱን ነው የምወደው። አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። ብዙ ሰው ጭራው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ይመስለዋል። አይደለም። ጫፉ አካባቢ ያለው ፀጉር ቀጭንና ጠንከር ያለ ነው፣ ክር ሲጠብቅበት ዝም ብሎ ይተኛል። ወደ ሰውነቱ ስትጠጉ ግን የፀጉሩ ውስጥ ባዶ እየሆነ ይሄዳል፣ እሱን ክሩ ጠበቅ ሲያደርገው ይንጨባረራል። ለእንደዚህ ዓይነት ትልቅ መንጠቆ የሚንጨባረረው ነው የሚሆነው፣ ሰውነት ይሰጣታል። ለቀጭን ትንሽ አሳ መሳይ ከሆነ ደግሞ ከጫፉ ቁረጡ። አንዱን በሌላው ቦታ አስራችሁ ለምን አላማረም ብላችሁ መንጠቆውን አትውቀሱ።

ምን እያልኩ ነበር… አዎ፣ ምላጩ።

መንጠቆዋን ሞርሳው ላይ አሰርኳት፣ መብራቱን ወደ ራሴ ሳብኩ፣ ምላጭ ያዝኩ። አሮጌ ክር ሲወልቅ ዝም ብሎ አይጎተትም። በሁለት ጥርስ መሀል ባለው ክፍተት፣ በዘንጉ ርዝመት፣ ቀስ ብሎ ነው የሚቀደደው። የላይኛው ክር ጥቁር ነበር፣ ቫርኒሽ ጠጥቶ ደርቋል። ጠጠር የረገጥኩ ያህል ቀጭ አለ። ከዚያ ተላጠልኝ፣ ከነፀጉሩ፣ እንዳለ። ግራጫው ሁሉ አብሮት መጣ። ሥሩን አገላብጬ አየሁት፣ ክሩ የሸፈነው የፀጉሩ ሥር ነጭ ነው። ልክ እንዳለው፣ ነጭ።

ሥራው አለቀ ብዬ ምላጩን ላስቀምጥ ስል ቀይ ክር አየሁ።

ከጥቁሩ ሥር ሌላ ክር አለ ማለት ነው። ጋሼ አሮጌውን አልፈቱትም፣ በላዩ ላይ ነው ያሰሩት። ፀጉሩን በመቀስ ከሥሩ ከርክመው፣ ጉቶው ላይ አዲስ። አንዳንድ ሰው እንደዚያ ያደርጋል፣ አዲሱ ፀጉር እንዳይንሸራተት ጥሩ መያዣ ይሆናል። ቀዩን ወዲያው አልነካሁትም። መቼም ታውቁኛላችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ቶሎ አልቆርጥም። ሞርሳውን እያዞርኩ አየሁት። እያንዳንዱ ዙር ከጎኑ ካለው ጋር ተጠግቶ የተኛ ነው፣ መደራረብ የለ፣ ክፍተት የለ። ጥቁሩ እንደዛ አልነበረም። ጥቁሩ ወፍራም ነው፣ እየተጣደፉ የጠመጠሙት ይመስላል፣ አንዱ ጎን አብጧል። የአንድ ሰው እጅ ከሆነ በጣም የተለያየ ቀን ላይ ነው። ልጅ ይዞ አሳ ለማጥመድ የሚወጣ ሰው ቁጭ ብሎ ክር የሚያሰለፍበት ጊዜ አይኖረው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ ቀዩ የእሳቸው ላይሆን ይችላል፣ ሌላ ሰው አስሮ ሰጥቷቸው ቢሆንስ… እንጃ።

ቀዩን በምላጭ ነካሁት። ቢጫ ወጣ።

ቢጫ ስል የደበዘዘ እንዳይመስላችሁ። የተነከረ ፀጉር ፀሐይ ሲመታው ይለቃል፣ ይሄኛውን ግን ሁለት ድርብ ክር ሸፍኖታል፣ ብርሃን የሚባል አላየም። ከጥፍር ቁመት ያነሱ ጉቶዎች ናቸው፣ ዘንጉን ከበው የተኙ። ቢጫ፣ ደማቅ ቢጫ። መብራቱ ሥር አንዱን በመርፌ ጫፍ አንስቼ ብዙ ጊዜ ነው ያየሁት። በሦስቱም ክፍተት እኩል እኩል ነው የታሰረው፣ በጣም ትንሽ ትንሽ። ያ ደግሞ ገረመኝ፣ ያኔ ፀጉሩን እንደዚያ ሳሳ አድርጎ የሚያስር ሰው፣ የሚያውቅ ሰው ነው።

ፀጉሩን ሳሳ ማድረጉ ነው ከባዱ ነገር። ሰው ሲጀምር ፀጉር ያበዛል፣ ብዙ ፀጉር ብዙ አሳ ይመስለዋል። ውኃው ውስጥ ግን በፀጉሩ መሀል ውኃ ማለፍ አለበት፣ አለበለዚያ እንጨት ነው የምትጎትቱት። አሜሪካዊው ማባበያ አሳሪ ቦብ ክላውዘር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1987 የሠራውን ማባበያ አስቡት፣ ዝነኛው አሳ አጥማጅ ሌፍቲ ክሬ ስሙን ያወጣለትን፣ ክላውዘር ሚኖውን። ምን አለው? ሁለት ቁንጥር የአጋዘን ጭራ፣ ትንሽ የሚያብረቀርቅ ነገር፣ ዘንጉ ላይ የታሰሩ ሁለት የእርሳስ ብረት ዓይኖች። የዓይኖቹ ክብደት መንጠቆውን ይገለብጠዋል፣ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይሄዳል፣ ድንጋይ ቶሎ አይይዘውም። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላው አሜሪካዊ ማባበያ አሳሪ ቦብ ፖፖቪክስ ደግሞ ፀጉሩን ወደ ፊት አስሮ በክር መልሶ ወደ ኋላ የሚገፋበት መንገድ አለ፣ በትንሽ ፀጉር ውስጡ ክፍት የሆነ ትልቅ ሰውነት ያወጣል። እሱን አንድ ቀን ለብቻው እናወራዋለን፣ እኔ በጣም ነው የማደንቀው።

እና አሰርኳት። ነጭ፣ እንዳለኝ። ፀጉሩን ከጭራው ሥር ቆረጥኩ፣ ከውስጡ የሚደበቀውን አጭሩን ለስላሳ ፀጉር በጥቅጥቅ ማበጠሪያ አወጣሁ። እሱ ካልወጣ ክሩ ፀጉሩን አይጨብጠውም፣ ዋል አደር ብሎ ይነቀላል። ቁመቱን ለካሁ፣ በሁለት ጣት ቆንጥጬ ዘንጉ ላይ አስቀመጥኩ፣ ሁለት ላላ ያለ ዙር፣ ከዚያ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ። ወደ ጎን ከሳባችሁት ፀጉሩ ከክሩ ጋር አብሮ ይዞራል። ሦስት ጊዜ፣ በየክፍተቱ። ለክሩ ቀይ መረጥኩ። ያን ማንም አላዘዘኝም፣ እኔ ነኝ የፈለግኩት። ቢጫዎቹን ጉቶዎች ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አደረግኳቸው። መጣል አልቻልኩም፣ በቃ።

መጣ። ሰጠሁት። ቅጠሏን በጣቱ አሽከረከራት፣ ደስ አለው፣ አየሁት እኮ፣ ፊቱ ፈታ አለ። «ይቺው ናት» አለ። እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ለልጁ አለመንገር ተገቢ አይመስለኝም፣ አሁንም አይመስለኝም፣ የእሱ ነው። ከረጢቱን አወጣሁና «ነጭ ከመሆኗ በፊት ቢጫ ነበረች» አልኩት።

«መቼ?»

«አላውቅም። ከነጩ በፊት።»

ኮፍያውን አወለቀ። እሱ ኮፍያ ሲያወልቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ከረጢቱን ወደ መብራቱ ከፍ አደረገ። ብዙ አላወራም። እናቱ ታውቅ እንደሆነ እጠይቃለሁ አለ፣ ከዚያ ደግሞ «አይ፣ እሷም ላታውቅ ትችላለች» አለ። ለማን እንደሚያወራ አላውቅም። ከረጢቱን ደረት ኪሱ ከተተ፣ ጨበጠኝ፣ ሄደ። ማባበያዋ ጠረጴዛው ላይ ቀረች።

ያቺን ሰዓት ነው መላልሼ የማያት። በሩ ጋ ደርሶ ዞር ብሎ ጠረጴዛውን አይቷል። እምላለሁ፣ አይቷል። ወይ እኔን ነው ያየው፣ ጠረጴዛው ከኋላዬ ነበር። በዚያን ጊዜ እኔም ማባበያዋን ይዟታል ብዬ ነው ያሰብኩት፣ ከእጁ ሲያስቀምጣት አላየሁም። መቼ አስቀመጣት? ከረጢቱን ለመያዝ ሲል ይሆናል፣ ሁለት እጅ ይፈልጋል ኮፍያም ስለያዘ። እንደዚያ ከሆነ መርሳት ነው፣ ሰው ይረሳል። ግን ጋሼን የሚረሳ ልጅ አይደለም እሱ፣ የእሳቸውን ዕቃ ሁሉ በጨርቅ ጠቅልሎ ነው የሚይዘው፣ ወደ እኔም ጠቅልሎ ነው ያመጣት። ጨርቁ እዚሁ ነው፣ እሱንም ትቶታል።

ደስም ይለኛል፣ ደግሞ ይከፋኛል፣ ሁለቱም። ጥሩ ሥራ ነው የሠራሁት፣ ውኃ ባልዲ ውስጥ አርጥቤ አይቻታለሁ፣ ፀጉሩ ይሰበሰባል፣ ስለቀው ይከፈታል፣ እንደ ፈለግኩት ነው። እና ማን ነው የሚያጠምድባት?

ልደውልለት ስልኬን አንስቼ ነበር። «ማባበያህን ረስተሃል» ካልኩት «አዎ ረሳሁ» ይለኛል፣ መጥቶ ይወስዳታል፣ ሆን ብሎ ትቷት እንደሆነ በቃ ያኔ አይታወቅም። ካልደወልኩ ደግሞ የሚጠብቀው እኔን ቢሆንስ? ቢጫ ጭራ እንዳለኝ ያውቃል፣ መሳቢያው ክፍት ነበር፣ ሲመጣም ሲሄድም ዓይኑ እዚያ ነበር። ምናልባት እሱን ነው የፈለገው፣ አፍ አውጥቶ ለመጠየቅ ከብዶት… አይ። ነጭ ናት ብሎኛል እኮ፣ ከልጅነቱ የሚያውቃት ነጭ ሆና ነው፣ እኔ ተነስቼ ቢጫ ባስርባት… ግን ደግሞ ነጩን ሳልፈታ በላዩ ላይ ከሆነ፣ ጋሼ እንዳደረጉት ከሆነ… እንጃ፣ እስቲ ይደውል አይደውል እንደሆነ ልየውና…