ኤሮስ ሕፃን አልነበረም

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የንባብ ወዳጆች!

የሥራ ድካም ሳይበግራችሁ በዚህ ምሽት ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኤሮስ ነው፤ ስለ ጥንታውያን ግሪኮች የፍቅር አምላክ።

ስሙን ስጠራ ብዙዎቻችሁ ፊት አንድ ሥዕል ድቅን እንዳለ እገምታለሁ። ጉንጩ ድቡልቡል ያለ፣ ክንፍ ያለው፣ ቀስት የያዘ ራቁት ሕፃን። በፍቅረኞች ቀን ሰሞን በየካርዱና በየኬኩ ላይ የምናየው፣ ሮማውያን ኩፒድ የሚሉት። እኔም ለዓመታት የማውቀው እሱን ብቻ ነበር። የጥንቶቹን ግጥሞች ማንበብ ስጀምር ግን ደነገጥኩ። እዚያ ሕፃን የሚባል ነገር የለም።

ሄሲዮድ የሚባል ገጣሚ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ700 ዓመት ገደማ ስለ አማልክት አመጣጥ ጽፏል። እሱ እንደሚለው መጀመሪያ ካዎስ ነበር፤ ባዶው ገደል። ቀጥሎ ምድር መጣች። ከምድር ሥር ያለው ጨለማ ታርታሮስም መጣ። ከዚያ ኤሮስ። እስቲ አስቡት! የአማልክት ንጉሥ ዜውስ ገና አልተወለደም። እናቱ ናት የምትባለው የውበት አምላክ አፍሮዳይትም የለችም። ሰማይ እንኳ አልነበረም፤ ፍቅር ግን ነበር።

ይኸው ገጣሚ ኤሮስን «መገጣጠሚያን የሚያላላ» ይለዋል። እኛ «ጉልበቴ ቄጤማ ሆነ» እንደምንለው ማለት ነው። አምላክም ይሁን ሰው፣ ልቡን ይረታዋል። በአማርኛስ ቢሆን? ፍቅር ይይዛል እንላለን፤ ልክ ጉንፋን እንደሚይዝ። ሰውዬው ሄዶ አይይዘውም፤ እሱ ነው መጥቶ የሚይዘው። ግሪኮቹ ይህን አነጋገራችንን ቢሰሙ ማብራሪያ የሚፈልጉ አይመስለኝም።

የሌስቦስ ደሴቷ ገጣሚ ሳፎ ደግሞ ኤሮስ ልቧን እንዴት እንዳናወጠው ስትናገር፣ በተራራ ላይ ያሉ የባሉጥ ዛፎችን በሚመታ ነፋስ መሰለችው። በሌላ ግጥሟ «ጣፋጭ መራራ» ብላዋለች፤ በአንድ ቃል አጣምራ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ጣፋጩ ይቀድማል፣ ምሬቱ ይከተላል። ያፈቀረ ሰው ያውቀዋል።

ታዲያ ሕፃኑ ከየት መጣ? ዘግይቶ ነው የመጣው። በድሮዎቹ የሸክላ ዕቃዎች ላይ ኤሮስ ክንፍ ያለው ጎረምሳ ነው። ዘመናት ባለፉ ቁጥር ገጣሚዎቹና ቀራጮቹ ዕድሜውን እየቀነሱት ሄዱ። በእኔ እምነት የፈሩትን ነገር ማሳነሳቸው ነው። ሕፃን ከሆነ ይታቀፋል፤ ቢያጠፋም ይቆጣሉት እንጂ አይሸሹትም።

እኔ በጣም የምወደው ፈላስፋው ፕላቶ የጻፈውን ኤሮስ ነው። በአንድ የአቴና ግብዣ ላይ ሶቅራጥስ፣ ዲዮቲማ ከምትባል ሴት የሰማውን ያወራል። አፍሮዳይት የተወለደች ቀን አማልክት ድግስ ላይ ነበሩ። ድህነት እንደ ለማኝ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ብልሃት የሚባለው አምላክ ጠጥቶ ሰክሮ፣ በዜውስ የአትክልት ቦታ ተኝቷል። ድህነት አጠገቡ ሄዳ ተኛች። ከእነሱ ኤሮስ ተወለደ። ታዲያ ልጁ ቆንጆና ለስላሳ አይደለም። ባዶ እግሩን ይሄዳል። ቤት የለውም። በየሰው ደጃፍና በየመንገዱ ዳር፣ ሜዳ ላይ ያድራል። ያገኘው ሁሉ ከእጁ ይፈስሳል። የአባቱ ልጅ ነውና ደግሞ ዘዴ አያጣም። ይህን ሳነብ በፍቅረኛው በር ላይ ሲመላለስ የሚያመሽ ወጣት ይታየኛል።

አሁን ቴስፒያ ወደምትባል ከተማ ልውሰዳችሁ። ቦዮቲያ በሚባለው የግሪክ አውራጃ ነው ያለችው፤ የሄሲዮድ መንደርም ከዚያ ሩቅ አይደለም። የቴስፒያ ሰዎች ከአማልክት ሁሉ አብልጠው የሚያከብሩት ኤሮስን ነበር። ጥንታዊው ምስሉ ምን ነበር መሰላችሁ? ያልተጠረበ ድንጋይ። ዓይን የለው፣ ክንፍ የለው።

በኋላ እውቁ ቀራጭ ፕራክሲቴለስ ከእብነ በረድ አንድ ኤሮስ ሠራ። ወዳጁ ፍሪኔ የቴስፒያ ልጅ ናት። ከሥራዎችህ ምርጡን ስጠኝ አለችው። እሺ አለ፤ ምርጡ የትኛው እንደሆነ ግን አልናገርም አለ። አንድ ቀን አገልጋይ እየሮጠ መጥቶ የምትቀርጽበት ቤት ተቃጠለ ሲለው፣ ፕራክሲቴለስ ወደ በሩ ሮጠ። ሳቲሩና (ሳቲር በግሪክ ተረት ግማሽ ሰው ግማሽ እንስሳ የሆነ የጫካ ፍጡር ነው) ኤሮሱ ከተቃጠሉ አለቀልኝ ብሎ ጮኸ። እሳት አልነበረም፤ የፍሪኔ ዘዴ ነው። ኤሮስን መረጠችና ለትውልድ ከተማዋ ሰጠች።

ንጉሠ ነገሥት ካሊጉላ ሐውልቱን ወደ ሮም ወሰደው። ከእሱ ቀጥሎ የነገሠው ቀላውዴዎስ ለቴስፒያ ሰዎች መለሰላቸው። ኔሮ እንደገና ወሰደው፤ እዚያው ሮም እሳት በላው። ከዚያ በኋላ፣ በ2ኛው ክፍለ ዘመን፣ ፓውሳንያስ የተባለው ተጓዥ ስለ ቴስፒያ ጻፈ። በከተማዋ ያገኘው የሐውልቱን ቅጂ ነው። ከሁሉ የሚቀድመው የኤሮስ ምስል ግን፣ ይላል፣ ያልተጠረበ ድንጋይ ነው። «ነበር» አላለም፤ «ነው» ነው ያለው።

አመሰግናለሁ።