ፎርሙ ጠረጴዛዎ ላይ ነው
(በሠራተኞች ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የተከበራችሁ የማኔጅመንት አባላት፣

የተሰጠኝ ጊዜ አሥር ደቂቃ ነው። ርዕሱም ተጽፎ ነው የደረሰኝ፤ «በአዲሱ የዓመት ፈቃድ አጠቃቀም ረቂቅ መመሪያ ላይ የሠራተኛው አስተያየት» ይላል። ረቂቁ 11 ገጽ ነው። ሁለቴ አንብቤዋለሁ። ሁለተኛ ያነበብኩት «መብት» የሚለው ቃል አምልጦኝ ይሆን ብዬ ነው። አላመለጠኝም። የለም።

እኔ ነገሩ ከስሙ የተበላሸ ይመስለኛል። «ፈቃድ» እንላለን። ፈቃድ ካለ ፈቃጅ አለ፤ ለማኝ አለ። ለማኙ በር ያንኳኳል። የአለቃው ፊት ፈታ ያለበትን ቀን ይጠብቃል። ደመወዝን ግን እንዲህ አንጠይቅም። «ከተመቸዎት የዚህን ወር ደመወዜን ልወስድ አስቤ ነበር» ብሎ ፎርም የሞላ ሰው እስካሁን አላየሁም። የዓመት ዕረፍትም ያው ነው። ወር በወር ሠርተን ያጠራቀምነው ነው።

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ሁለንተናዊ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ፣ አንቀጽ 24 ላይ፣ ዕረፍትንና ደመወዝ የሚከፈልበትን የዕረፍት ጊዜ የሰው ሁሉ መብት ብሎ አስቀምጦታል። የዓለም ሥራ ድርጅት ደግሞ ከዚያም በፊት፣ በ1936፣ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ቢያንስ 6 የሥራ ቀን ብሎ ነበር። በ1970 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 132 ወደ ሦስት የሥራ ሳምንት ከፍ አደረገው። እዚያ ውስጥ የምወዳት አንድ አንቀጽ አለች። ሠራተኛው ራሱ «ዝቅተኛውን ዕረፍቴን ትቼዋለሁ፣ በምትኩ ክፈሉኝ» ብሎ ቢስማማ እንኳ ስምምነቱ ዋጋ የለውም ትላለች። ለምን? የጻፉት ሰዎች ሰውን ስለሚያውቁት ነዋ! ቢቸግረን እንሸጠዋለን። ቢያስፈራሩን እንተወዋለን።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። የድሮዎቹ ታስታውሳላችሁ፣ ያኔ ስቶር ነበርኩ። አሥር ቀን ፈቃድ ወጣሁ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ስልክ ተደወለ። «የቶነሩ ካርቶን የት ነው?» ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ፣ በግራ በኩል አልኩ። በማግስቱ ተደወለ። «ሦስተኛው ከላይ ሲቆጠር ነው ከታች?» በሦስተኛው ቀን ስቶክ ካርዱና ዕቃው አልገጥም አለ። በአራተኛው ቀን፣ «ለአንድ ፊርማ ብቻ ብቅ በል፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

ሄድኩ። ከእኔ ፊርማ በፊት የሌላ ሰው ፊርማ ያስፈልጋል ተባለ። እሱስ የት ነው? ፈቃድ ላይ ነው! እሱም ተጠርቷል። ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ተገናኘን። ሁለታችንም ፈቃድ ላይ ነን። ሁለታችንም እስክሪብቶ ይዘናል። ተያይተን ሳቅን። አሁንም እዚሁ አዳራሽ ውስጥ እየሳቀ ነው።

ስመለስ ያ ቀን ከፈቃዴ ተቆርጦ አገኘሁት። የሰው ሀብት ክፍል ሄጄ ጠየቅሁ። «የሰዓት መቆጣጠሪያ ላይ አልፈረምክም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለዕቃው ፈርሜያለሁ፤ ለሰዓቱ አልፈረምኩም።

እኔም ግን ንጹሕ አይደለሁም። በኋላ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። አንዲት ወጣት ባልደረባ አምስት ቀን ጠየቀችኝ። «ሥራው ትንሽ ይረጋጋ» አልኳት። ፎርሟን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከአራት ወር በኋላ ክሊራንስ ልታስፈርመኝ መጣች። ሥራ ለቃ ነበር። ማኅተም ስፈልግ ያቺን ፎርም አገኘኋት፤ ጠርዟ ታጥፏል። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ለማረፍ» ብላ ነበር የጻፈችው። ክሊራንሱን በአንድ ደቂቃ ፈረምኩ። ሥራው እስከ ዛሬ አልተረጋጋም።

ስለዚህ ረቂቁን ሳነብ የማየው ያንን መሳቢያ ነው። ሠራተኛው ከ30 ቀን በፊት ያመልክት ይላል። እሺ፣ እናመልክት። አለቃውስ በስንት ቀን ይመልስ? አልተጻፈም! እኛ በቀን ተቆጥረን እናንተ በዘመን ትቆጠራላችሁ እንዴ? በአምስት የሥራ ቀን መልስ ካልመጣ እንደተፈቀደ ይቆጠር። የሚከለክል አለቃም ምክንያቱን ይጻፍ፤ ተለዋጭ ቀን ይስጥ። «ሥራ በዝቷል» ምክንያት አይደለም። ሥራ የማይበዛበትን ወር የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።

ሁላችንም በአንድ ሳምንት ብንወጣ በሩን የሚከፍት እንደማይኖር አውቃለሁ። ለዚህ ነው በዓመቱ መጀመሪያ ፕሮግራም የሚወጣው። ፎርሙ ላይ «ተተኪ ሠራተኛ» የምትል መስመር አለች። ባዶዋን እንፈርምባታለን፤ ከዚያ ስልኩ ይጮኻል። ከእንግዲህ እሷ ካልተሞላች ማንም አይፈርም። የግድ የተጠራ ሰው ደግሞ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ሙሉ ቀኑ ይመለስለት፤ የትራንስፖርት ወጪውም እንዲሁ።

ሌላ፣ «ያልተጠቀሙበት ፈቃድ ይቃጠላል» የሚለው። ጠይቆ ለተከለከለ ሰው እንዴት ይቃጠላል? እሳቱን ማን ለኮሰው? ሠራተኛው ጠይቆ እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት ካለ ይዛወርለት።

ፈቃድ ላይ ሆኖ የታመመ ሰው የሐኪም ማስረጃ ካመጣ ቀኑ በሕመም ይያዝለት።

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያዩ ነው። ልጨርስ። እኔም ስምንት ቀን ፈቃድ ሞልቻለሁ። ካስገባሁት 19 ቀን ሆኖታል። ተተኪ ሠራተኛ ተጽፏል፣ እሱም ተስማምቷል። መፈረም ያለባቸው ሰው እዚህ ፊት ለፊት፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጌታዬ፣ ፎርሙ ጠረጴዛዎ ላይ ነው። ሰማያዊው ክላሰር ሥር። እስክሪብቶ እኔ ይዣለሁ።

አመሰግናለሁ።