ይሄ ቁጥር የተጻፈው ለማን ነው?

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ትራኩን አቁሜ ነው የምቀዳው። የማቀዝቀዣው ሞተር ከኋላ ቢጮህባችሁ ታገሱኝ።

ሰሞኑን አጎቴ ከአገር ቤት መጥተው ነበር። ከኩባንያው ፈቃድ አስወጣሁላቸውና አብረን ተጓዝን። ጋሼ በደህናው ጊዜ በአሰብ መንገድ ቦቴ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። መንገድ ያውቃሉ። እንግሊዝኛው ላይ ግን ብዙም ስላልሆኑ ያዩትን ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቁኝ። "ይሄ ምን ይላል?" ይላሉ። እነግራቸዋለሁ። ወዲያው ደግሞ "ለማን ነው የጻፉት?" ይላሉ። ይቺ ሁለተኛዋ ጥያቄ ናት ያስቸገረችኝ። እስቲ ዛሬ እሷን ይዘን እንሂድ።

ከዴንቨር ወደ ምዕራብ፣ በሃይዌይ 70 ዳገቱን እየወጣን ነው። ከፊታችን አንድ ቦቴ አለ። ኋላው ላይ በቀይ ዳይመንድ መሃል 1203 የሚል ቁጥር ተለጥፏል። ላይኛው ጫፍ እሳት ተስሎበታል፣ ታችኛው ጫፍ 3 ይላል።

"የጎን ቁጥሩ ነው?" አሉኝ።

አይደለም። 1203 ማለት ቤንዚን ማለት ነው። 3 ደግሞ ተቀጣጣይ ፈሳሽ። ቁጥሩን የሰጠው የተባበሩት መንግሥታት ስለሆነ ቤንዚን አሜሪካም ሆነ ጅቡቲ ያው 1203 ነው። እዚህ አገር ናፍጣ የጫነው አብዛኛውን ጊዜ 1993 ይለጥፋል። 1075 ካያችሁ እንደ ማብሰያ ጋዝ ያለ ነገር ነው።

ለማን ነው የተጻፈው? ለእኔ አይደለም፣ ለሹፌሩም አይደለም። ሹፌሩማ የጫነውን ያውቃል። የተጻፈው ለእሳት አደጋ ሠራተኛው ነው። ቦቴው ተገልብጦ፣ ሹፌሩ መናገር አቅቶት፣ ጭሱ ሰማይ ሲነካ የሚመጣው እሱ ነው። ከሩቅ ቆሞ በመነጽር ቁጥሩን ያነባል። ከዚያ ብርቱካናማ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ይገልጣል። ቢጫዎቹ ገጾች በቁጥር የተደረደሩ ናቸው። 1203 ሲል ወደ መመሪያ 128 ይመራዋል። እዚያ ጋ ሰዉን ምን ያህል እንደሚያርቅ፣ በምን እንደሚያጠፋ ተጽፎ ያገኘዋል። ምልክቱ በአራቱም በኩል የሚለጠፈው ለዚሁ ነው። ቦቴው በየት በኩል እንደሚጋደም ማን ያውቃል?

ጋሼ ትንሽ ዝም አሉና "እኛ እኮ የሚመጣውም ሰው አልነበረም" አሉ።

ዋሻው ጋ ስንደርስ ቦቴው የለም። አይዘንሃወር ዋሻ ይባላል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ግድም ላይ ነው ያለው። ቦቴው ቀድሞ በኤግዚት (በመውጫ) 216 ወጥቷል። ኤችኤም የሚል በቀይ ክብ የተሰረዘ ምልክት አለ፤ አደገኛ ጭነት የያዘ አይለፍ ነው የሚለው። ዋሻ ውስጥ እሳት ቢነሳ መውጫ የለማ። ስለዚህ ያ ምስኪን ቦቴ ከዋሻው በላይ ባለው በላቭላንድ ተራራ በኩል፣ ወደ 3,650 ሜትር ወጥቶ፣ ዞሮ ይወርዳል። ማለፊያው በበረዶ ሲዘጋ ብቻ ሌላውን መኪና አስቁመው ዋሻውን ለብቻቸው ያሳልፏቸዋል። እኔ ስጋ ነው የጫንኩት፤ ቀጥ ብዬ ገባሁ።

ጋሼን ይበልጥ ያስገረማቸው ግን ስንመለስ ወደ ዴንቨር የሚወርደው ቁልቁለት ነው። እዚያ ያሉት ቢጫ ሰሌዳዎች ሹፌሩን በቀጥታ ነው የሚያናግሩት። ፍሬንህ ቀዝቃዛ ነው ወይ ብለው ይጠይቁሃል። ቀጥለው ደግሞ "አትታለል፣ ገና 4 ማይል ቁልቁለት አለ" ይሉሃል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ መንገዱ መሃል ላይ ጋብ ይላል፣ ሜዳው ወለል ብሎ ይታያል፣ ሹፌሩ "አበቃ" ብሎ ማርሹን ያቀላል። ያኔ ነው ጉዱ። ጣርማበርን ሲወርዱ ለኖሩት ጋሼ ይሄን ማስረዳት አላስፈለገኝም። በከባድ ማርሽ መውረድን ከእኔ በፊት ነው የሚያውቁት። ፍሬኑ ጨርሶ እንቢ ያለው ሰው የሚገባበትን ጠጠር የተሞላ ዳገት ሲያዩ ግን "ይሄስ ጥሩ አስበዋል" አሉ። ከሳቸው አፍ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው።

ያልወደዱትም አለ። "መኪናው ላይ አንድ ቁም ነገር አይጻፍም እንዴ?" አሉኝ። እውነት ነው፤ አገር ቤት ኋላው ላይ "ሁሉም ያልፋል" ይባላል። እዚህ በሩ ላይ የኩባንያው ስምና የዲኦቲ፣ ማለትም የፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ቁጥር ነው ያለው። ሕጉ መኪናው በቆመበት በቀን ብርሃን ከ50 ጫማ፣ ማለትም ከ15 ሜትር ግድም እንዲነበብ ያዛል። ይሄ የተጻፈው ለተቆጣጣሪው ነው። ግን ሥራ ለምትፈልጉ ልጆች ደግሞ ለእናንተም ነው። ቁጥሩን በፌዴራሉ ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። ስንት መኪና፣ ስንት ሹፌር እንዳለው፣ ባለፉት 24 ወራት ስንት አደጋ እንደደረሰበት፣ ስንቴ ተፈትሾ ስንቴ ከመንገድ እንደታገደ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። "የኛ ሰው ነው" ብላችሁ በደፈናው አትፈርሙ። እኔ አንዱ ጋ ደመወዜን ስለምን ከርሜ ነው የወጣሁት።

የማይል ሰሌዳውን ቶሎ ልበለው። በምሥራቅ ምዕራብ መንገድ ላይ ቁጥሩ የሚጀምረው ከስቴቱ ምዕራባዊ ድንበር ነው፤ 70 እዚህ ከዩታ ድንበር ዜሮ ብሎ ይነሳል። የኤግዚት ቁጥሩም ከዚያው ጋር ይሄዳል። ወደ ካንሳስ ሲኬድ 420 የሚል ሰሌዳ ነበር፤ 420 የማሪዋና መጠሪያ ስለሆነ ወዳጆቹ እየነቀሉ ስላስቸገሩ አንስተው 419.99 የሚል ተከሉ። ይሄን ለጋሼ አልነገርኳቸውም።

የመጨረሻው የባቡር ሐዲድ ማቋረጫው ነው። እዚያ ትንሽዬ ሰማያዊ ሰሌዳ አለች፤ ስልክና የማቋረጫው መለያ ቁጥር ተጽፎባታል። እሷ የተጻፈችው ለእኔ ነው። ዝቅ ያለ ተሳቢ ሐዲዱ ላይ ተቀርቅሮ ቢቀር ባቡሩን ማስቆም የሚችለው በዚያ ስልክ የሚገኘው ሰው ነው። መጀመሪያ ግን ውረዱ፣ ራቁ። ባቡር እየመጣ ከሆነ ከሐዲዱ እየራቃችሁ፣ አግድም ባቡሩ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ነው መሮጥ።

"ወደ ባቡሩ?" አሉኝ ጋሼ፣ ዞረው እያዩኝ።

አዎ፣ ወደ ባቡሩ። ሲመታው ስብርባሪው የሚበረው ባቡሩ ወደሚሄድበት ነዋ።