ዘበኛው ተቀበለ፤ አክስቴስ?

ጤና ይስጥልኝ። አብዛኞቻችሁ ኮድ የምትጽፉ ናችሁ፤ ዛሬ የምናወራው የላክነው መልእክት በእርግጥ መድረሱን እንዴት እንደምናውቅ ነው፤ ስለዚህ በራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከዓመታት በፊት የገንዘብ መላኪያ አፕ ስሠራ አንዲት እናት ቢሮ ድረስ መጡ። ለልጃቸው 500 ብር ቢልኩ 1,500 ተቆርጦባቸዋል። "እኔ አንዴ ነው የነካሁት" አሉ። እውነታቸውን ነው። ሦስቴ የላከው የኔ ኮድ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰርቨሩ ጋ ደርሷል፣ ብሩም ተቆርጧል። መልሱ ግን መንገድ ላይ ቀረ፤ ኔትወርክ ሄደ። አፑ "አልደረሰም" ብሎ ደገመው። ደግሞም ደገመው።

"ቲሲፒ (በኔትወርክ የሚላክ ዳታ ሳይጎድል እንዲደርስ የሚያደርገው ደንብ) እያለ እንዴት?" ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ቲሲፒ ጎበዝ ነው። ባይቶቹን ይቆጥራል፣ የጠፋውን መልሶ ይልካል፣ ቅደም ተከተል ይጠብቃል። ግን የሱ "ደርሷል" እስከ ማሽኑ በር ድረስ ነው። ለአክስቴ በርበሬ ልኬ የግቢው ዘበኛ ተቀበለ እንበል። አክስቴ እጅ ገባ ማለት ነው? ዘበኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው፤ አክስቴ ዳታቤዙ ናት፣ ክፍያው የሚመዘገብበት። ሳልትዘር፣ ሪድና ክላርክ የተባሉ የኤምአይቲ ሰዎች ይህንኑ ነገር እ.ኤ.አ. በ1984 ጽፈውታል፦ መድረሱን በእርግጥ ማጣራት የሚችሉት ሁለቱ ጫፎች ናቸው።

ስለዚህ "ደርሶኛል" ብላ አክስቴ ራሷ ትደውል። ሰርቨሩ ዳታቤዝ ላይ ሳይጽፍ "ተቀብያለሁ" አይበል። አፑም ያንን እስኪሰማ መልእክቱን ስልኩ ላይ ያስቀምጥ። ጊዜያዊው ሜሞሪ (ራም) ላይ ብቻ አይደለም፤ ባትሪ ሲያልቅ ይጠፋል።

ችግሩ የአክስቴ ጥሪም ሊቋረጥ ይችላል። ዝም ስትል በርበሬው ይጥፋ ጥሪው ይጥፋ ማወቂያ የለኝም። መድገም ግዴታ ነው። የተደገመው እንዳይጎዳ ማድረግ ግን ይቻላል። ለእያንዳንዱ መልእክት መለያ ቁጥር ስጡት። ሰርቨሩ ብሩን በሚቆርጥበት በዚያው ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም የሚጻፍበት ወይ ምንም የማይጻፍበት አንድ ሥራ) ቁጥሩን ይመዝግብ። ያው ቁጥር ድጋሚ ከመጣ፣ ሳይቆርጥ የቀድሞውን መልስ ይመልስ።

"መለያ ቁጥር አልነበረህም ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። ነበረኝ! የማወጣው ግን ሉፑ (መላኩን የሚደጋግመው የኮዱ ክፍል) ውስጥ ነበር፤ አፑ በደገመ ጊዜ ሁሉ አዲስ መለያ ይወጣል። ሰርቨሩ ሦስት የተለያየ ክፍያ መሰለው፣ ምን ያድርግ? ያቺን አንድ መስመር ከሉፑ በላይ አወጣኋት፣ አለቀ።

ስትደግሙ ደግሞ አትንጋጉ። መብራት ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። 1 ሰከንድ፣ 2፣ 4 እያላችሁ ቆዩ፤ ትንሽ የዘፈቀደ ልዩነትም ጨምሩበት።

ሁሉም መልእክት ይህን ያህል አይገባውም። ሾፌሩ ያለበትን ቦታ በየ5 ሰከንዱ የሚልክ አፕ አንዷ ብትጠፋበት ቀጣይዋ ትተካታለች። ብር ግን እንደዚያ አይደለም።

አሁን ኮዴን የምፈትነው እንዲህ ነው። ሰርቨሩ ዳታቤዝ ላይ ከጻፈ በኋላ፣ መልሱን ከመላኩ በፊት እገድለዋለሁ። መልሼ አስነሳዋለሁ፣ አፑ እስኪደግም እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ሂሳቡን አያለሁ። ላፕቶፕ የያዛችሁ ከሻይ በፊት አብረን እንሞክረው። ሰርቨሩን አስነሱና 500 ብር ላኩ።