«ሦስተኛውን ሳትጠጣ አትወጣም»፦ ካንስል ማድረግ ለምን ይህን ያህል ይከብዳል?

ዳዊት፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ሰብስክሪፕሽን ነው። በየወሩ ከካርዳችን ላይ ስለሚቆረጡት ነገሮች። እንዴት እንደምናገኛቸው፣ እንዴት ካንስል እንደምናደርጋቸው፣ ሕጉስ ምን እንደሚል። ሰላም፣ ከየት እንጀምር?

ሰላም፦ ከፖስታው።

ዳዊት፦ የቱ ፖስታ?

ሰላም፦ በርበሬ በርበሬ የሚሸተው። አልነገርኩህም እንዴ?

ዳዊት፦ ኧረ አልነገርሽኝም።

ሰላም፦ እሺ ስማ። እማዬ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ፣ እኔ ጋ በነበረች ጊዜ ነው። ስኳር አለባት። ሐኪሟ በቀን ግማሽ ሰዓት ተራመጂ አላት። ወሩ ጥር ነው፣ ውጭው በረዶ ነው፣ የት ትራመድ? ሰፈራችን ያለ ጂም አስመዘገብኳት። ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ፣ በስልኬ። ጀበናው እስኪፈላ እንኳ አልፈጀም። ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ አለቀ። በወር 25 ዶላር።

ዳዊት፦ ሄዱ ታዲያ?

ሰላም፦ ሦስት ቀን! ነጠላዋን አጣፍታ መራመጃው ማሽን ላይ ወጣች። በሦስተኛው ቀን «ሄጄ ሄጄ የትም የማልደርስበት ምን ዓይነት መንገድ ነው?» ብላ ተወችው።

ዳዊት፦ እውነታቸውን ነው።

ሰላም፦ ከዚያ ለፋሲካ አገሯ ገባች። እኔም ካንስል ላድርገው ብዬ አፑን ከፈትኩ። ካርድ መቀየሪያ አለ። ወደ ውዱ ፓኬጅ ማሳደጊያ አለ። ጓደኛ መጋበዣ አለ። መሰረዣ የለም። ደወልኩ። 40 ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ አነሳችና «አባሏ ራሷ በአካል ትምጣ፣ ካልሆነ በእጇ የፈረመችበት ደብዳቤ ይምጣ» አለችኝ።

ዳዊት፦ ቆይ፣ ሲመዘገቡ በአካል ቀርበው ነበር?

ሰላም፦ በፍጹም! ማንም ማንነቷን አልጠየቀም። ለመግባት የእኔ ጣት በቃ። ለመውጣት ግን እሷ ራሷ፣ ከአዲስ አበባ! ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ገንዘቡ አይደለም።

ዳዊት፦ ገንዘቡም ገንዘብ ነው።

ሰላም፦ ገንዘቡም ነው፣ እሺ። እማዬ ጋ ደወልኩና ነገርኳት። «ናፍቄያቸው ነው እንዴ?» አለችኝ። ፈርማ ፎቶውን በቴሌግራም ላከችልኝ። ጂሙ ደግሞ ፎቶ አንቀበልም፣ ዋናው ይምጣ አለ።

ዳዊት፦ ኧረ ተይ!

ሰላም፦ ምን ይደረግ፣ መንገደኛ ተፈለገ። የጎረቤት ልጅ ሊመጣ ነበር። ደብዳቤው በርበሬና ሽሮው መሃል ተጠቅልሎ በሻንጣ ዳለስ አየር ማረፊያ ገባ። ፖስታውን ስከፍተው የወረቀቱ ጥግ ቀልቷል። የእማዬ ፊርማ፣ ከጎኑ የበርበሬ አሻራ። ይዤው ጂሙ ሄድኩና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። እዚያ የሚሠራው ልጅ አሸተተው። «ይሄ ምንድነው?» ሲለኝ «የእናቴ መልቀቂያ» አልኩት።

ዳዊት፦ (ሳቅ) የእናቴ መልቀቂያ!

ሰላም፦ ካንስል ላድርገው ካልኩ ጀምሮ እስከዚያ ድረስ የሦስት ወር ተቆርጧል። 75 ዶላር።

ዳዊት፦ እኔን ምን እንዳስታወሰኝ ታውቂያለሽ? የእኛን ቤት። እንግዳ ልሂድ ብሎ ሲነሳ «ቡና ሳትጠጣ?» ይባላል። ይቀመጣል። አቦሉን ጠጥቶ ሲነሳ «ቶናውን ሳትጠጣ?»። ከዚያ በረካው። ሦስተኛውን ሳትጠጣ አትወጣም። የካንስል ገጾቹም እንደዚያው ናቸው። አቦሉ «እውነት ልትሄድ ነው?»። ቶናው «በግማሽ ዋጋ ብናደርግልህስ?»። በረካው «ለሦስት ወር ብቻ ብናቆመውስ?»።

ሰላም፦ አይ ዳዊት፣ ይሄን አታመሳስል። እናቶቻችን ተቀመጥ የሚሉት ስለሚወዱህ ነው። ሲመሽብህ ራሳቸው ይሸኙሃል፣ ያውም እስከ ታክሲው። ጂሙ ሸኘኝ? በሩን ነው የቆለፈብኝ።

ዳዊት፦ እሺ፣ ስለ ፍቅሩ አልተከራከርኩም። ስለ ገጾቹ ቁጥር ነው ያልኩት።

ሰላም፦ ስለ ቁጥሩ ልክ ነህ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ይሄንን እወስደዋለሁ።

ዳዊት፦ እንግዲህ ወደ ሕጉ እንሂድ። ጥቅምት ላይ...

ሰላም፦ እኔ ልናገረው፣ አንብቤዋለሁ! በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2024 የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን፣ ኤፍቲሲ የሚሉት፣ አንድ ደንብ አወጣ። ሊና ካን ሊቀመንበር በነበረችበት ጊዜ ነው። ሐሳቡ በጣም ቀላል ነው። ሰው በገባበት በር ይውጣ። በኢንተርኔት ካስመዘገብከው በኢንተርኔት አሰናብተው። መሰረዙ ከመመዝገቡ አይክበድ። በቃ!

ዳዊት፦ ለእናትሽ የተጻፈ ይመስላል።

ሰላም፦ ለእሷ ብቻማ አይደለም። ደንቡ ሲዘጋጅ ከ16 ሺህ በላይ አስተያየት ገብቷል። ኮሚሽኑ ራሱ እንዳለው በ2021 በቀን 42 አካባቢ የነበረው አቤቱታ በ2024 ወደ 70 ተጠግቷል። አቤት ያለው ብቻ ነው እንግዲህ። እኔ አቤት አላልኩም። ስንቱ እንደ እኔ ተናዶ ዝም ብሏል?

ዳዊት፦ ግን የደንቡ ዋና ክፍል ሥራ ላይ አልዋለም።

ሰላም፦ አልዋለም። እሱ ነው የሚያበሽቀው። ጁላይ 14፣ 2025 ሊጀምር ነበር። ስድስት ቀን ሲቀረው የስምንተኛው ቀጠና ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደንቡን ሙሉውን ሻረው።

ዳዊት፦ እዚህ ላይ ግን ፍትሐዊ እንሁን። ፍርድ ቤቱ «ሰውን ማሰር ጥሩ ነው» አላለም። ደንቡ በኢኮኖሚው ላይ የሚያመጣው ጫና በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሆነ ኮሚሽኑ አስቀድሞ ጥናት አዘጋጅቶ ለአስተያየት ማቅረብ አለበት። ያንን ደረጃ ዘለለው። የተሻረው በሥርዓቱ ነው እንጂ በሐሳቡ አይደለም። ሥርዓት ደግሞ ያስፈልጋል። ነገ የማትወጂው ደንብ ሲመጣ ያው ሥርዓት ነው የሚከላከልልሽ።

ሰላም፦ ገባኝ። ግን እማዬን «ሐሳቡ ትክክል ነው፣ አንድ ወረቀት ጎድሎ ነው የተሻረው» ብላት ምን ትለኛለች? ወረቀትማ እኔም በሻንጣ አስመጥቻለሁ ነው የምትለኝ።

ዳዊት፦ (ሳቅ) በበርበሬ ታሽቶ።

ሰላም፦ ጀርመኖቹን ተመልከት። ከጁላይ 1፣ 2022 ጀምሮ በኢንተርኔት ውል የሚያስገባ ድርጅት ድረ ገጹ ላይ የመሰረዣ ቁልፍ ማስቀመጥ ግዴታው ነው። በግልጽ የተጻፈበት ቁልፍ። ጀርመን ያሉ አድማጮቻችን ይሄ ተራ ነገር ሆኖባቸዋል። ካሊፎርኒያም ከ2018 ጀምሮ በኢንተርኔት የተመዘገበ በኢንተርኔት ይሰርዛል። አንድ ጓደኛዬ ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? እዚሁ ሜሪላንድ ተቀምጦ አካውንቱ ላይ አድራሻውን የካሊፎርኒያ አደረገው። መሰረዣው ብቅ አለ!

ዳዊት፦ ያው ገጽ ላይ?

ሰላም፦ ያው ገጽ ላይ። ቁልፉ ድሮም ተሠርቶ ነበር። የደበቁት ከእኛ ነው።

ዳዊት፦ እኔ ግን አሁንም የምለው አለኝ። ሰውም ማንበብ አለበት። ነጻ ሙከራ ሲባል ወዲያው ካርድ ማስገባት...

ሰላም፦ እማዬ እንግሊዝኛ አታነብም።

ዳዊት፦ አንቺ ታነቢያለሽ።

ሰላም፦ አነባለሁ። የመሰረዣው ነገር ግን 14ኛው አንቀጽ ውስጥ ነበር፣ ፊደሉ የጤፍ ፍሬ አክሎ። እሺ፣ እናንብብ። እነሱም በሚነበብ ፊደል ይጻፉ።

ዳዊት፦ ይሄኛው ላይ አንጣላም። ደግሞ እዚህ ብቻ አይደለም። አባቴ አዲስ አበባ የስልክ ካርድ በሞላ ቁጥር ይበላበት ነበር። ማን እንደሚደውልለት ሁሉ ይጠረጥር ነበር። ለካስ ከአጭር ቁጥር የሚመጣ የምክር መልእክት ነው፣ በቀን ሁለት ብር። «ስቶፕ» ብሎ መላክ ብቻ ነበር። ግን ማን ነገረው? መልእክቱ በየቀኑ ይመጣል፣ ማቆሚያው ግን አንድ ቀን ብቻ ነው የተነገረው።

ሰላም፦ አየህ? ለአባትህ አንብብ ልትለው ነው?

ዳዊት፦ (ዝምታ) ለአባቴስ አልልም።

ሰላም፦ ለማንም አትበል። ደግሞ ደንቡ ተሻረ ማለት ሁሉም ነገር አለቀ ማለት አይደለም። በ2010 የወጣ ሕግ አለ፣ በኢንተርኔት ለሚሸጥ ሰብስክሪፕሽን ቀላል መሰረዣ ይኑር የሚል። ኤፍቲሲ አማዞንን የከሰሰው በእሱ ነው፣ ፕራይም በሚባለው የአባልነት ሰብስክሪፕሽኑ ጉዳይ። ሴፕቴምበር 2025 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ተስማሙ። ከዚያ ውስጥ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ ነው። ስለዚህ አቤት በሉ፣ እባካችሁ። እኔም ያኔ ማለት ነበረብኝ።

ዳዊት፦ ሰዓታችን እያለቀ ነው፣ እንዴት እንደምናገኛቸው ገና አልነገርናቸውም።

ሰላም፦ ስልክህን አውጣ። አሁን፣ እዚሁ።

ዳዊት፦ አሁን?

ሰላም፦ አሁን። አይፎን ነው የያዝከው፣ ሴቲንግ ግባ፣ ስምህን ንካ፣ ሰብስክሪፕሽን የሚለውን ክፈት። አንድሮይድ የያዘ በፕሌይ ስቶር ይግባ። ስንት አለህ?

ዳዊት፦ አራት... ይሄ ፎቶ ማሳመሪያው አሁንም አለ እንዴ? ለእህቴ ሰርግ ነበር እኮ! ሰርዝ... ጠፋ። ሁለት ንክኪ።

ሰላም፦ እዚያ ውስጥ ያሉት ቀላል ናቸው። ድረ ገጽ ላይ በካርድህ የከፈትካቸው ናቸው ጣጣቸው። እነሱን ከባንክ ዝርዝርህ ላይ ነው የምትለቅማቸው። የሦስት ወሩን ዘርግተህ፣ እየደጋገመ የሚመጣውን ሁሉ ታሰምርበታለህ። አንተ አንድ አለህ፣ ያ የቋንቋ ትምህርት።

ዳዊት፦ ገብቻለሁ፣ ቆይ... «እውነት ልትሄድ ነው?» አለኝ።

ሰላም፦ አቦል።

ዳዊት፦ አዎ ብዬዋለሁ። «በግማሽ ዋጋ» አለኝ።

ሰላም፦ ቶና። እለፈው።

ዳዊት፦ «ለሦስት ወር ብናቆመው» እያለ ነው። የማቆያው ቁልፍ ትልቅ ሰማያዊ ነው። የመሰረዣው የት አለ?

ሰላም፦ ወደ ታች ውረድ። ግራጫ ጽሑፍ ፈልግ።

ዳዊት፦ አገኘሁት።

ሰላም፦ ንካው ዳዊት፣ እንዳትቀመጥ!