ከቤት ውጭ ለሚቆም የዝናብ መለኪያ ማሞቂያ መግጠም

አቅራቢ 1፦ ውድ አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምንወያየው በረዶ በሚጥልበት አካባቢ ከቤት ውጭ ለሚቆም የዝናብ መለኪያ ማሞቂያ ስለመግጠም ነው። ለመሆኑ ማሞቂያ የሌለው መለኪያ በረዶ ሲጥል ምን ይሆናል?

አቅራቢ 2፦ የተለመደው መለኪያ ከላይ ሰፊ አፍ፣ ከውስጥ ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የምትገለበጥ ትንሽ ጽዋ አለው። ብዙ ጊዜ ጽዋዋ የምትገለበጠው 0.2 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲሞላባት ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በጽዋዋ ላይ ያለው ማግኔት በቆጣሪው ስዊች አጠገብ ስለሚያልፍ መሣሪያው አንድ ብሎ ይቆጥራል። በረዶ ሲጥል ግን አፉ ይደፈናል፤ ኋላም ፀሐይ ስትወጣ በረዶው ይቀልጥና በጠራ ሰማይ ዝናብ እንደ ዘነበ ይመዘገባል።

አቅራቢ 1፦ ታዲያ ኃይለኛ ማሞቂያ መግጠሙ አይሻልም?

አቅራቢ 2፦ አይሻልም። የአፉ ስፋት 200 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ቢሆንና የሚጥለው በረዶ ሲቀልጥ በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ውኃ የሚወጣው ቢሆን፣ የሚጠራቀመው 20 ግራም ብቻ ነው። 1 ግራም በረዶ ለማቅለጥ 334 ጁል ስለሚያስፈልግ፣ ለማቅለጡ 2 ዋት እንኳ የማይሞላ ኃይል ይበቃል፤ የቀረው ሁሉ ነፋስ የሚወስደውን ሙቀት ለመተካት ነው። ከልክ በላይ ከሞቀ ግን ውኃው ጽዋዋ ዘንድ ሳይደርስ ስለሚተን መለኪያው አሳንሶ ይመዘግባል። ስለዚህ ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሙቀቱን እየለካ ማሞቂያውን የሚያበራውና የሚያጠፋው መሣሪያ፣ አፉን ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ከፍ አድርጎ ቢይዘው በቂ ነው።

አቅራቢ 1፦ ማሞቂያው የሚለጠፈው የት ነው?

አቅራቢ 2፦ በአፉ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። አፉ ፕላስቲክ ከሆነ ሙቀቱ አንድ ቦታ እንዳይከማች አስቀድሞ በአሉሚኒየም ቴፕ መጠቅለል ይገባል። ከታች ያለው የውኃ መውጫም መረሳት የለበትም፤ ከላይ የቀለጠው እዚያ ደርሶ ዳግም ከረጋ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

አቅራቢ 1፦ ወደ ሽቦው እንለፍ። 12 ቮልት ይሻላል ወይስ 24?

አቅራቢ 2፦ እኔ 24ን እመርጣለሁ። 48 ዋት ማሞቂያ በ12 ቮልት 4 አምፔር ሲስብ፣ በ24 ቮልት የሚስበው 2 አምፔር ነው። ርቀቱ 20 ሜትር፣ የመዳብ ሽቦው ውፍረት 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ሽቦው በደርሶ መልሱ መንገድ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ ግማሽ ኦም ያህል ይሆናል። በዚህ ሽቦ ላይ የ12 ቮልቱ ማሞቂያ ሩብ ያህል ኃይሉን ሲያጣ፣ የ24 ቮልቱ ግን ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አያጣም። ከመኖሪያ ቤት መስመር በቀጥታ የሚመጣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ እርጥብ መሣሪያ መውሰድ ፈጽሞ አይገባም፤ ቮልቴጁን ዝቅ የሚያደርገው ትራንስፎርመር ቤት ውስጥ ይቀመጥ፣ ፊውዙም ከእሱ አጠገብ ይሁን።

አቅራቢ 1፦ ቴርሞስታቱ ተበላሽቶ ሳይጠፋ ቢቀርስ?

አቅራቢ 2፦ ለዚህ ሲባል ሙቀት ሲበዛ የሚቆርጥ የሙቀት ፊውዝ ከማሞቂያው ጋር በተከታታይ ይታሰራል። ሥራው ሲያልቅ ዝናብ በሌለበት ቀን ማሞቂያውን እያበሩና እያጠፉ ቆጣሪውን መመልከት ያስፈልጋል፤ አንድም ቁጥር ከጨመረ የማሞቂያው ኤሌክትሪክ ቆጣሪውን እያሳሳተው ስለሆነ የስዊቹ ሽቦ ከማሞቂያው ሽቦ ተነጥሎ በሌላ መስመር መዘርጋት አለበት።