የአድማጭ ድርሻ፦ የፒትስበርግ ሬዲዮና ስፖርት

የተከበራችሁ የመድረኩ አዘጋጆች፣ የስፖርት ጋዜጠኞችና የጋዜጠኝነት ተማሪዎች፤

ስለ አካባቢ ሬዲዮና ስለ ስፖርት ስርጭት እንድናገር ስትጋብዙኝ ከአሜሪካ ከተሞች ሁሉ ፒትስበርግን መረጥኩ። አንድ ጣቢያ የከተማው የሚሆነው በማሰራጫው ጉልበት ወይም በባለቤትነት ወረቀቱ ሳይሆን አድማጩ በፕሮግራሙ ውስጥ በሚኖረው ድርሻ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም እንደ ፒትስበርግ አጉልቶ የሚያሳይ ከተማ አላውቅም።

መነሻውን በአጭሩ ላስታውስ። ኬዲኬኤ የተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1920 የሃርዲንግንና የኮክስን የፕሬዚዳንትነት ምርጫ ውጤት አሰራጨ። ጣቢያውን ያቋቋመው ዌስቲንግሀውስ የሬዲዮ መቀበያም ያመርት ስለነበር፣ ሰው ገዝቶ የሚሰማው ነገር ያስፈልገው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኦገስት 5 ቀን የዚያው ኩባንያ ባልደረባ የሆነው ሃሮልድ አርሊን ፎርብስ ፊልድ በተባለው ሜዳ ተገኝቶ፣ ለማይክሮፎንነት በተለወጠ ስልክ እየተናገረ፣ የፒትስበርጉ የቤዝቦል ቡድን ፓይሬትስ ፊላዴልፊያ ፊሊስን 8 ለ 5 ያሸነፈበትን ጨዋታ በቀጥታ አስተላለፈ። ከዚያ ቀን በፊት የታላቁ ቤዝቦል ሊግ ጨዋታ በሬዲዮ ተላልፎ አያውቅም። አርሊን ምን ያህል መናገር፣ መቼስ ዝም ማለት እንደሚገባው የሚነግረው ቀዳሚ አልነበረውም።

ይሁን እንጂ በረጅሙ ልናገርለት የምፈልገው ሰው ማይረን ኮፕ ነው። ኮፕ ወደ ሬዲዮ የመጣው ከመጽሔት ጸሐፊነት ነው። ድምፁ ሻካራ፣ ከአፍንጫ የሚወጣና የፒትስበርግ ሠፈሮች አነጋገር የተጫነው ስለነበር፣ ዛሬ ለአንባቢነት ቢፈተን ብዙ ጣቢያዎች የሚመልሱት ይመስለኛል። እርሱ ግን ከ1970 ጀምሮ ለ35 የውድድር ዘመናት የከተማውን ቡድን የስቲለርስን የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታዎች ተንትኗል፤ በደብልዩቲኤኢ ሬዲዮም አድማጮች ስልክ እየደወሉ የሚከራከሩበትን የስፖርት ውይይት ለብዙ ዓመታት መርቷል። ከተማው የተቀበለው ድምፁ ስላማረ ሳይሆን የሚናገረው ጉዳይና የሚናገርበት አንደበት የራሱ ስለሆነ ነው።

ዲሴምበር 23 ቀን 1972 ስቲለርስ በኦክላንድ ሬደርስ እየተመራ ሳለ፣ ጨዋታው ሊያበቃ ሰኮንዶች ሲቀሩት፣ ፍራንኮ ሃሪስ ተመትታ የነጠረችውን ኳስ መሬት ሳትነካ ቀልቦ ሮጦ አስቆጠረና ቡድኑ 13 ለ 7 አሸነፈ። በዚያው ምሽት አንዲት ሴት ወደ ኮፕ ደውላ አንድ ጓደኛዋ ለዚህ ቅለባ ያወጣውን ስም ነገረችው። ኮፕ ስሙን ወዶት በማታው የቴሌቪዥን ዜና ላይ ተናገረው፤ ዛሬ በመላ አሜሪካ «ኢማኩሌት ሪሴፕሽን» («ንጹሕ ቅለባ» እንደማለት) በሚል የሚታወቀው ይኸው ነው። በአሜሪካ ስፖርት እጅግ ከታወቁት ቅጽበቶች አንዱን የሰየመው ባለሙያ ሳይሆን አድማጭ ነበር፤ የኮፕ ብልሃት ስልኩን ማንሳቱና የሰማውን መቀበሉ ነው።

በ1975 የጣቢያው ኃላፊዎች ማስታወቂያ ሰጪዎችን የሚስብ ነገር እንዲፈጥር ሲጠይቁት፣ ደጋፊው ከቤቱ ቢጫ ወይም ጥቁር ፎጣ ይዞ ወደ ሜዳ እንዲመጣ ጥሪ አደረገ። የመረጠው ማንም ሳይገዛ ሊሳተፍበት የሚችል ዕቃ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ፎጣው ከጊዜ በኋላ ታትሞ የሚሸጥ የንግድ ምልክት ሆነ፤ ኮፕም በ1996 መብቱን የአእምሮ እድገት ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች ለሚንከባከበውና ልጁ ይኖርበት ለነበረው ለአሌጌኒ ቫሊ ስኩል ሰጠ። ተቋሙ ከሽያጩ ሚሊዮኖች ዶላር አግኝቷል።

የአድማጭ ድርሻ ወሰን እንዳለውም ያው ከተማ ያሳየናል። ከ1948 ጀምሮ የፓይሬትስ ድምፅ የነበረው ቦብ ፕሪንስ በ1975 ሲሰናበት በሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎች በመሃል ከተማ ሰልፍ ወጡ፤ ውሳኔው ግን አልተቀለበሰም። ፕሪንስ ወደ ማይክሮፎኑ የተመለሰው በ1985 ነበር፤ በዚያው ዓመትም ሞተ። እኔ በዚህ ታሪክ ዛሬም አዝናለሁ፤ ድምፁን የራሱ ያደረገው ሕዝብ በዕጣው ላይ አንዳች ሥልጣን አልነበረውምና።

ከዚያ ወዲህ ወሳኙ አካል ይበልጥ ርቋል። የ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አንድ ኩባንያ በሀገር አቀፍ ደረጃ ከ40 በላይ የሬዲዮ ጣቢያዎችን እንዳይይዝ ይከለክል የነበረውን ገደብ አነሣ። ዛሬ ኬዲኬኤም ሆነ በ2010 የተጀመረው 93.7 ዘ ፋን የተባለው የስፖርት ጣቢያ የአንድ ኩባንያ ናቸው፤ የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤትም ፊላዴልፊያ ነው። የባለቤት ርቀት ብቻውን ጣቢያን አይገድልም፤ ደዋዩ አሁንም የሠፈሩን ቡድን ጉዳይ ይዞ ይደውላል። ይልቁንም የሚያሳስበኝ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 ግዛቶች የስፖርት ውርርድን መፍቀድ እንደሚችሉ ከወሰነ ወዲህ የውርርድ ማስታወቂያ በስፖርት ሬዲዮ ላይ የያዘው ቦታ ነው። ኮፕ ለማስታወቂያ ሰጪዎቹ ሲል ከአድማጩ የጠየቀው በቤቱ ያለውን ፎጣ ነበር፤ የውርርድ ድርጅት የሚጠይቀው ገንዘቡን ነው፤ ትርፉም የሚመጣው አድማጩ ሲሸነፍ ነው። የስፖርት ውይይት አዘጋጅ ደዋዩን በማን ስም እንደሚያነጋግር ለይቶ ሊያውቅ ይገባል፤ በቀሪው የውይይት ሰዓትም ከሁሉ አስቀድመን በዚህ ላይ እንድንነጋገር እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።